ውሃ የነካው ኮት

ልጅቷ በዚያ እሁድ ከሰዓት ከእናቷ ጋር የእንስሳት ማቆያውን ግቢ በር ስታልፍ በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አደራህን፣ ዛሬ እንዳታሳፍረኝ!» ይህን የምትለው ለፈጣሪዋ እንዳይመስላችሁ። ለጦጣዎቹ ጠባቂ ነው። ለምትወደው ሰው፤ እሱን ስታስብ ለራስ ምታት የመጣውን ደንበኛ የሳል ሽሮፕ አስይዛ እስከ መሸኘት ላደረሳት ሰው።

እሷ በእናቷ ፋርማሲ ነጭ ጋውን ለብሳ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጦጣ ቤት ሲጠርግ የሚውል፣ ከአንዲት ኪራይ ክፍል በቀር የኔ የሚለው የሌለው ሰው ነው። ያገናኛቸው ጡጦ ነው። አንድ ቀን መጣና የዱቄት ወተትና ትንሿን ጡጦ ጠየቃት።

«ልጅህ ስንት ወሯ ነው?» አለችው።

«ኧረ ልጄ አይደለችም፤ ጦጣ ናት» ብሎ ማጅራቱን ሲያክ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ ያ ወተት ቶሎ ቶሎ ያልቅበት ጀመር። ጡጦውም ምን እንደነካው እንጃ፣ በየሳምንቱ ይጠፋበታል።

እናቷ ነገሩን የሰማች ዕለት «እህ» ብላ ዝም አለች። እናንተ የዚህችን ሴትዮ «እህ» አታውቁትም። የመድኃኒት አከፋፋይ የምታንቀጠቅጠው በእሱ ነው። ልጅቷም «እህ»ዋን ተርጉማ ጨረሰችው፤ «ጦጣ ጠባቂ ለቤቴ አይሆንም» ማለት ነው ብላ። ጠይቃ አልነበረም። ፈርታ ነው የተረጎመችው። ሳምንታት አለፉና ድንገት አንድ ማታ እራት ላይ እናትየዋ አፏን አበሰችና፣

«እሁድ ላየው እፈልጋለሁ» አለች። «ቤቴ ግን አይመጣም። ሱፍ ተውሶ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ የመጣ ሰው አይቼ ምን አውቃለሁ? ሥራው ላይ ነው የማየው።»

ጉድ ፈላ! ልጅቷ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የታያት ኮቱ ነበር።

ኮቱን ላስተዋውቃችሁ። በጦጣዎቹ ቤት በር ጀርባ ምስማር ላይ የሚሰቀል፣ ቀለሙ የለቀቀ የካኪ የሥራ ኮት ነው። ሽታው አይነሳ። የትንሿ ጦጣ እናት በበሽታ ስትሞት ጠባቂው በዚህ ኮት አቅፏት ነበር፤ ልጇንም ከእሷ ገላ ላይ አላቆ በዚሁ ኮት ጠቀለላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትንሿ ጦጣ ኮቱ ላይ ተጣብቃ ካልሆነ አትጠባም፣ አትተኛም። ስሟም ለዚህ ነው ሙጭጭ የተባለው፤ እሱንም የግቢው ሰው የሙጭጭ አባት ይለዋል። ለልጅቷም ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነግሯታል።

«ይሄ ኮት ውሃ አይነካውም» ብሏታል። «እናቷ የቀረቻት እዚህ ላይ ብቻ ነው።»

እሷም «ሰነፍ! ማጠብ ደብሮህ ነው» ብላ ስቃበት ነበር።

እና አርብ ማታ እሱ መኖ ሊያመጣ መጋዘን ሲገባ፣ ልጅቷ ኮቱን ከምስማሩ አውርዳ በፌስታል ከታ ይዛው ወጣች። ቤቷ ወስዳ ዘፈዘፈችው። በረኪናውን ስትጨምር ያ ንግግሩ ጆሮዋ ላይ መጣባት። መጣባት እኮ! እጇ እንደ መቆም አለ። «አንዴ ቢታጠብ ምን ይሆናል?» አለችና ጨመረች። የልብስ ማለስለሻውንም፣ ያን ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለውን፣ ሳትሰስት አንቆረቆረችበት። ቅዳሜ ከሰዓት በካውያ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ወሰደችለት። ጠባቂው ኮቱን ተቀበለ፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና «እጅሽ ይባረክ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እሷ ደስ ብሎት ነው አለች። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚተረጉም አያችሁልኝ?

አሁን እሁድ ነው። እናትና ልጅ መጀመሪያ ወደ እጽዋቱ መናፈሻ ገቡ። እዚያ የምትሠራው አሮጊት አትክልተኛ እትዬ ችግኝ ትባላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ችግኝ ስታፈላ ስለኖረች ሌላ ስም የላትም። እናትየዋ ባልተለመደ ሁኔታ ፊቷ ፈካ ብሎ ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ እያለች ትጠይቃለች። አንዲት ዝቅ ያለች ቅጠል ነካ ስታደርግ ቅጠሏ እጥፍጥፍ አለች።

«ውይ! ይቺ ደግሞ ዓይን አፋር ናት እንዴ?»

«ኧረ አስመሳይ ናት፣ የኔ እመቤት!» አለች እትዬ ችግኝ። «ሰው ዞር ሲል ትዘረጋለች።»

እናትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷም ለደንቡ ሳቀች፤ ልቧ ግን የጦጣዎቹ ቤት ደርሶ ኮቱ በወጉ ተቆልፎ እንደሆነ እያየ ነበር።

እትዬ ችግኝ ለጦጣዎቹ የቆረጠችውን ቅጠል አቅፋ መንገድ መራቻቸው። ደረሱ። ልጅቷ በሽቦው ውስጥ አጮልቃ አየች። ኮት የለም። የሙጭጭ አባት ባደፈ ካናቴራ ጭድ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጭዱ ጸጉሩ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ጺሙን አልተላጨም። ካናቴራው ደረቱ ላይ አብጧል፤ ከአንገቱ ሥር የምትታየው የሙጭጭ ጭንቅላት ናት። በአንድ እጁ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዞ ወተት ጠብ ጠብ ያደርግላታል። ወተቱ በአገጯ ይወርዳል እንጂ አትውጥም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ» አለ ለመነሳት እየሞከረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄን ልሰጥዎት አልቻልኩም።»

ልጅቷ ወደ ሽቦው ተጠግታ በሹክሹክታ «ኮቱስ?» አለች። ንዴቷን መያዝ አቅቷታል። «ያን ሁሉ ለፍቼ! ዛሬ እንዲህ ሆነህ ትቀርባለህ?»

«አልደረቀም ነበር» አላት ቀስ ብሎ። ዓይኑን ግን ሰበረ።

ኮቱ ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከቆመችበት ይታያታል። ያኔ ነው ልጅቷ መጀመሪያ የደነገጠችው። ይህ ሰው ሲዋሽ አይታው አታውቅም።

እትዬ ችግኝ ደግሞ ሆዷ አሮ ኖሮ አፏ አላረፈም።

«የሚደርቅስ ነገር አልነበረው!» አለች ቅጠሉን መሬት እየጣለች። «ይቺ ምስኪን ከአርብ ማታ ጀምሮ አልጠባችም። አንዱ ልበ ቢስ ኮቱን ወስዶ በሽቶ ዘፍዝፎ መለሰላት! ስታሸተው ጮኸች እኮ፤ ‹እናቴን የት አደረሳችኋት› ነው ያለችው። ያጠበው እጅ ይሰበር!»

«አሜን!» አለች እናትየዋ። «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

ልጅቷ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።  «ተናገሪ፣ ተናገሪ» ይላታል አንድ ነገር። ሌላው ደግሞ «እናትሽ አሜን ካለች በኋላ?» ይላታል። እሷ ከሁለቱ ጋር ስትሟገት ጠባቂው ቀደማት።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለ።

«አንተ?» አለች እትዬ ችግኝ፤ አላመነችም። «ይህን ኮት ውሃ ያስነካ ከእኔ ጋር ተጣላ ስትል የኖርከው አንተ?»

«እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፣ እትዬ። ትላልቅ ሰዎች ናቸው፣ በዚህ ሽታ አልቀርብም ብዬ። አፈርኩ።»

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እህ» አለች።

ያቺን «እህ» ልጅቷ አጥንቷ ውስጥ ሰማቻት።

«ልጄ» አለችው እናትየዋ፤ ድምጿ አልተቆጣም፣ አዝኗል። «ጦጣ ጠባቂነትህ ከፍቶኝ አልነበረም የመጣሁት። ሥራ ሥራ ነው። ግን ለእኛ ለይምሰል ብለህ ይቺን ነፍስ እዚህ ካደረስካት ምን እላለሁ? በሥራው የሚያፍር ሰው ነገ በሚስቱም ያፍራል። እኔ ይህን አውቀዋለሁ። እግዜር ያድንልህ ጦጣዋን።» ወደ ልጇ ዞረች። «ነይ፣ እንሂድ።»

የሙጭጭ አባት ልጅቷን አየት አደረጋት። ዓይኑ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ «ሂጂ፣ ግድ የለም» የሚል ነገር ነው ያለው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሄደች። አዎ፣ ሄደች! ልዋሻችሁ አልችልም። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይባል የለ፤ እግሯ በዚያ ተረት ነው የተራመደው። እናቷን ተከትላ ያን የአበባ መንገድ ወረደች። ሕፃናት ፊኛ ይዘው ይሮጣሉ፣ ሰው ፎቶ ይነሳል፣ እሷ ግን የምትሰማው ያን «አፈርኩ» የሚል ቃል ነው። ቃሉ የእሷ ነው። እሱ ከእሷ ላይ አንስቶ ለብሶላት ነው። ሰው ፊት ልታቆመው ያፈረችበት ሰው፣ እሷን ሰው ፊት ላለማሳፈር ራሱን አዋረደ።  ቆመች።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

እናትየዋ አልሰማችም መሰል፤ ወይም ሰምታ ይሆናል። ልጅቷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ሮጠች። እናቷም እየጠራቻት ከኋላዋ ተከተለች። ሽቦው ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ጠባቂው ፊት፣ እትዬ ችግኝ ፊት፣ ጦጣ ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«እሱ አይደለም ያጠበው! እኔ ነኝ። ሰርቄ ወስጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ!»

እትዬ ችግኝ አፏን በእጇ ያዘች።

«ረስተሽው ነው» አለ ጠባቂው ቶሎ ብሎ። እየለመናት ነበር። «አንዴ ነው የነገርኩሽ፤ ረስተሽው ነው እኮ፣ ሆዴ። እንዲደላኝ ብለሽ ነው።»

«አልረሳሁም።»

ይህችን ቃል ከአፏ ማውጣት ምን ያህል እንደከበዳት እሷ ናት የምታውቀው።

«በረኪናውን ስጨምር ያልከኝ ጆሮዬ ላይ ነበር። አውቄ ነው። እንዲደላህም ብዬ አይደለም። አፈርኩብህ። እናቴ ጎንህ ቆማ አፍንጫዋን ስትይዝ እንዳላይ ብዬ ነው።»

የጠባቂው ፊት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ያ ልጅቷን ሲያይ ብቻ የሚበራው ነገር። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይተኛ የጠበቀው ትንሿን ጦጣ ብቻ አልነበረም፤ «ለእኔ ብላ ነው» የሚለውንም ሐሳብ ነበር። አሁን ያ ሐሳብ ሞተበት።

«ይሁን» አለ። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ሙጭጭ ዞረ።

ያቺ «ይሁን» ከእናቷ «እህ» ሁሉ ከበደቻት።

እትዬ ችግኝ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲህ ምን ይደረግ?» አለች ለማንም ሳትል። «ያን ኮት ድሮ የነካ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብትኖር እንኳን…»

«የለም» አለ ጠባቂው ሳይዞር። «ሁሉንም ፈልጌያለሁ።»

አንድ ጨርቅ ግን አለ። ልጅቷ ታውቃለች። የት እንዳለ ስታስብ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

«እማዬ፣ መኪናውን!» አለች።

መኪናውን የምትነዳው እናትየዋ ናት። ልጅቷ መስታወቱ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ እናትየዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣

«እኔ ከማግባቴ በፊት ምን ነበርኩ?» አለች።

«ጸሐፊ።»

«አባትሽ ነው እንደዚያ ያለው። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበርኩ፤ ደም ያለበትን፣ ሌላም ያለበትን። እናቱ ቤት የወሰደኝ ቀን እጄን በጓንት ሸፍኖ ‹ጸሐፊ ናት› አላቸው። ፈገግ ብዬ ቁጭ አልኩ። አፈር ይቅለለውና ጥሩ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ምን እንደተሰማኝ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።» ማርሽ ቀየረች። «አንቺስ ነገርሽው። ይህ ከአባትሽ ይሻላል።»

ልጅቷ አፍራ የነበረው ማንን ፈርታ እንደሆነ አሰበች። ሳትጠይቅ የተረጎመቻት «እህ» አንገቷን አስደፋቻት።

ቤት ገብታ ትራሷን ገለበጠች። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ ሻርፕ አለ። አንድ የዝናብ ቀን ጠባቂው ያን ኮት ከሻርፗ በላይ ደርቦላት፣ ሙጭጭም ከውስጥ ገብታ፣ ሦስቱ ጣሪያ ሥር ተጠግተው ዝናቡ እስኪያባራ ቆመው ነበር። ያን ሻርፕ ከዚያ በኋላ አላጠበችውም። ለማንም አልነገረችም። ለእሱም ቢሆን።

ሲመለሱ ፀሐይ ጠልቃ ሰዉ ከግቢው እየወጣ ነበር። ልጅቷ ጭዱ ላይ ነጭ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ተንበረከከች። ፌስታሉን ስትፈታ ያ ሽታ ወጣ፤ የላብ፣ የጭድ፣ የእርጥብ ጸጉር። ሻርፑን ወደ ሙጭጭ አስጠጋች። ትንሿ ጦጣ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥሎ አፍንጫዋ ተነቃነቀ። ከዚያ ቀጭን እጇን ከካናቴራው ውስጥ አውጥታ የሻርፑን ጫፍ ያዘች፤ ሳበችው፤ ፊቷን ቀበረችበት፤ በአራቱም እጅና እግሯ ሙጭጭ አለችበት። የሙጭጭ አባት ጡጦውን አስጠጋላት። 

ጠባች።

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» አለች እትዬ ችግኝ ከበሩ።

ጠባቂው ግን የሚያየው ሻርፑን ነበር። አወቀው።

«ይሄ የዝናቡ ቀን አይደለም?»

«ነው።»

«እስካሁን ለምን አላጠብሽውም?»

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ችግኝም ጆሮዋን አቁማለች። ልጅቷ ዛሬ ያላፈረችው እፍረት የቀራት አይመስላትም ነበር፤ ቀርቷት ኖሯል።

«ሽታህ እንዳይለቅ ብዬ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ማታ ማታ… ይዤው ነው የምተኛው።»

«ያ የምታፍሪበት ሽታ?»

«አዎ። እሱ ራሱ።»

 የሙጭጭ የመጥባት ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቀና ብላ ስታየው እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል፤ እጁ ስለተያዘ አልጠረገውም። ልትጠርግለት እጇን አነሳች፤ መብት እንደሌላት ታወቃትና መለሰችው።

«ተቀይሜሻለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ የሚያልፍልኝ አይደለም። ነገም እቀየምሻለሁ።»

«ነገም እመጣለሁ።»

እሱ ፈቀቅ ብሎ ጭዱ ላይ ቦታ ለቀቀላትና «ሻርፑን አትልቀቂባት» አለ። ሙጭጭ ጠግባ እስክትተኛ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ ሳይነካኩ።

ሲወጡ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነበር። ሻርፑ ከሙጭጭ ጋር ቀርቷል። እናትየዋ እጇን ተለቃልቃ፣ አራግፋ፣ ለልጇ ቦታ ለቀቀች።

«ታጠቢ እንጂ። ጦጣ ጦጣ ትሸቻለሽ።»

ልጅቷ እጆቿን አየቻቸው። ወተትና ጭድ ተለጣጥፎባቸዋል። አልፎ ሂያጁ ያያታል፤ አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ አለፈች። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ቢሆንም እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አቀፈቻቸው።

«ይቆይ፣ እማዬ» አለች።